ልብስ ሰፊው የፈሩት ስፌት

ፍርሃት ሰውን ያቀልላል የሚል ካለ፣ ልብስ ሰፊውን ጋሼ ዳጎስን አላያቸውም። ለነገው ቀዶ ሕክምና ከተኙበት የሆስፒታል ክፍል ሾልከው አሳንሰሩ ውስጥ ሲገቡ አሳንሰሩ ከልክ በላይ ከብዶት ጮኸ። ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ጣሪያውን ያይ ጀመር። ጋሼ ይቅርታ ጠይቀው ወጡ። ተከትላቸው የወጣችው የጎረቤታቸው ልጅ፣ የማደንዘዣ ሐኪሟ ነበረች።

«ጋሼ፣ ወዴት ነው?»

«ወደ ቤት። መቀሴን ረስቼ።»

«መቀስ እዚህም ሞልቷል።»

ቀልዱ ያለቦታው መሆኑ የገባት ጋሼ ግድግዳ ሲይዙ ነው። ደግፋ ደረጃው ላይ አስቀመጠቻቸው።

«ስሚ ልጄ፣ ዕድሜዬን በመርፌ ነው የኖርኩት። የማይተረተር ስፌት አላየሁም። ሱሪ ቢተረተር ሰው ይስቃል፤ ሆዴ ቢተረተርስ?»

የተማረ ሰው ፈሪ ሲያገኝ «አይዞህ» ብሎ ማለፍ ይቀናዋል። ይህች አላለፈችም።

«አልዋሽዎትም፣ አልፎ አልፎ ስፌቱ ያፈሳል፤ አደገኛም ነው። ለዚህ ነው መጀመሪያ ፈሳሽ ብቻ፣ ቀጥሎ የላመ የሚበሉት። ትኩሳት ወይም ብርቱ ሕመም ከመጣ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ እኛ ነው።»

«ለመሆኑ ምኔን ነው የምትቆርጡት?»

«ሐኪሙ በትናንሽ ቀዳዳዎች ገብቶ ጨጓራዎን በቁመቱ ያጠበዋል። አብዛኛው ተቆርጦ ይወጣል፤ የሚቀረው እንደ ልጅ ሸሚዝ እጅጌ ቀጭን ነው። አንጀትዎ አይነካም። በጥቂቱ ይጠግባሉ፤ ረሃብ ቀስቃሹ ሆርሞን በብዛት የሚመነጨው ከሚወጣው ክፍል ስለሆነ ፍላጎትዎም ይቀንሳል።»

«በኋላ ማስፋት ቢያስፈልግስ?»

«የወጣ አይመለስም። ያለ ልክ ከበሉ ግን የቀረው ይለጠጣል። ቫይታሚን መውሰዱም ዕድሜ ልክ ነው።»

«አየሽ! እኛ እንኳ ለጨርቅ ትርፍ እንተዋለን!» አሉ፤ ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። «ካልነቃሁስ?»

«ጋሼ፣ ሲተኙ እያንኮራፉ ድንገት ትንፋሽዎ እንደሚቋረጥ ባለቤትዎ እትዬ ለእናቴ ነግረዋታል። ማን ነው የሚቀሰቅስዎት?»

«እሷው ናት። በክርኗ ትደቁሰኛለች።»

«እንቅልፍ የጣላቸው ቀንስ?»

ጋሼ ይህን አስበውት አያውቁም ማለት ሐሰት ነው፤ ትራስ በነኩ ቁጥር ያስቡታል።

«ነገ ራስጌዎ የምቀመጠው እኔ ነኝ። ሥራዬ ትንፋሽዎን መጠበቅ ነው። እኔ ደግሞ አልተኛም።»

ጋሼ የደረጃውን መደገፊያ ይዘው ተነሡ። የተራመዱት ግን ወደ ቤት ሳይሆን ወደ ክፍላቸው ነው።

ወራት አለፉ። ጋሼ ከሱ፣ የስኳር መድኃኒታቸው ተቀነሰ፣ አሳንሰሩም ዝም አላቸው። እትዬ ብቻ ዛሬም በክርናቸው ይደቁሷቸዋል።

«ምነው?» ሲሏቸው፣

«ማንኮራፋትህ ጠፍቶብኝ ፈራሁ» ይላሉ።