የጋሼ አስማማው ዱካክ

ትህትና ባምባሲ አክስቷ ዘንድ ልትሄድ አሶሳ መናኸሪያ ስትደርስ፣ ተራ የያዘው ሚኒባስ የጎረቤቷ የጋሼ አስማማው ሆነና ልቧ ድንግጥ አለ። የሚስታቸው የእትዬ ማንጠግቦሽ ስሞታ ነው ትዝ ያላት፤ «ሲያንኮራፋ ይቆይና ጭጭ ይላል። ሞተ ብዬ በክርኔ ስጎሽመው፣ ከውኃ እንደወጣ ሰው አየር ይጎትታል።»

«ጋሼ፣ ልጅዎ ምንይሉ ከጉባ የላከልዎት እንቅልፍ የሚለካው ሰዓት የታለ?» አለች፣ መሪው ላይ የተቀመጡትን የጋሼን ባዶ እጅ በመስኮት እያየች።

«ትራሴ ስር፣ ከቢላዋው ጋር።»

«ከቢላዋ ጋር?»

«ዱካክ ነዋ ሌሊት የሚጫነኝ! ዱካክ ብረት ይፈራል። ሰዓቱም ብረት ነው፤ እጄ ላይ ሆኖ ‹ትንፋሽዎ ይቆራረጣል፣ ሐኪም ያማክሩ› እያለ ከሚያሟርትብኝ እዚያው ይጠብቀኝ።»

ትህትና ሳቋ አመለጣት፤ ፍርሃቱ ግን አልለቀቃትም።

«ዱካኩ የሌሊት ከሆነ ቀን ለምን ያንቀላፋዎታል? ጠዋትስ ራስዎን ለምን ያምዎታል?»

«ዕድሜ ነው። ደግሞ የሚያንኮራፋ ሰው እንቅልፍ የጠገበ ነው። አሁን ሰዓት ሐኪም ሆነ?»

«አልሆነም፤ ሊሳሳትም ይችላል። ሐኪም ይይዎት አለ እንጂ መድኃኒት አዘዘ? ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ጎማዎ ሲተነፍስ ጎሚስታ ይፈልጋሉ፤ እርስዎ መተንፈስ ሲያቅትዎት ግን ቢላዋ!»

«አንቺ ምላሳም! እኔ ይህን ሁሉ ዘመን ስነዳ አንዲት ዶሮ እንኳ...»

ዶሮዋ ምን እንደሆነች ሳይነገር ግንባራቸው መሪው ላይ ወደቀ። ጡሩምባው አምባረቀ።

«ቢስሚላህ!» አለች ሕፃን ታቅፋ ጋቢና የተቀመጠችው ነጋዴዋ ሀምዲያ። «ሹፌር ተኛ እንዴ?»

ሞተሩ ገና አልተነሳም ነበር። ጋሼ አስማማው ቀና ብለው የሚያለቅሰውን ሕፃን አዩ፤ መንገዱን አዩ። ቁልፉን ነቅለው ወረዱና ቀጣዩን ተረኛ ጠሩ፤ «ሚፍታህ፣ ሰዎቼን አንተ ውሰድ።» ከዚያ ወደ ትህትና ዞረው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «በይ፣ ጎሚስታዬ ምን ያደርገኛል?» አሉ።

«ይጠይቅዎታል፤ ጉሮሮዎንና የደም ግፊትዎን ያያል። ካስፈለገም እንቅልፍ ወደሚመረመርበት ይልክዎታል። ሰዓቱ የመዘገበውን ያሳዩት። እትዬ ማንጠግቦሽንም ይዘው ይሂዱ፤ የሌሊቱ ምስክር እሳቸው ናቸው። እስከዚያ በጎንዎ ይተኙ፤ አረቄ ይቅር፤ መሪ አይንኩ። በእንቅልፍ ትንፋሽ የሚያቆራርጠው ሕመም ከሆነ ሕክምና አለው። ከታከሙ ራስ ምታቱም፣ የቀን እንቅልፉም ይቀልልዎታል፤ ልብዎም ከጭንቀት ያርፋል፤ ተሳፋሪውም ከቤቱ ይገባል።»

«ቢላዋውስ?»

«ለእትዬ ይመልሱላቸው። ሽንኩርት መክተፊያ አጥተው ከእኛ ቤት ነው የሚዋሱት።»

ጋሼ አስማማው እየሳቁ ወደ ቤታቸው አቀኑ፤ መጀመሪያ ሰዓቱን፣ ቀጥሎ ሚስታቸውን ይዘው ወደ ጤና ጣቢያ ሊሄዱ። ማሽን ያለውን ሁሉ ማመን ሞኝነት ነው፤ ሰምተው ሳያጣሩ መተኛት ግን የባሰ ነው።

ትህትና ከሚፍታህ ኋላ ተቀመጠች። ባምባሲ እስኪደርሱ ድረስ ግን ዓይኗን በመስታወቱ ከሚታየው ከእሱ ዓይን ላይ አልነቀለችም።