ለአሮጌዋ መኪና የተመረጠው ሴንሰር

«አባባ፣ ጨብጠው የያዙት ምንድን ነው?» አለች፣ ከወረታ ወደ ይፋግ በሚሄደው ታክሲ ከፊቴ የተቀመጠች ወጣት፣ አጠገቧ ያሉትን ሽማግሌ።

«ኦክስጅን ሴንሰር የሚባል የመኪና ዕቃ ነው ልጄ። የመኪናዬ ተበላሽቶ ቤንዚን ትፈጃለች።»

«አዲስ አይመስልም።»

«አዲሱ ለእሷ ስለማይገጥም ሽቦው ተቆርጦ የሚቀጠል ነው። ይሄ ከእሷው ዓይነት መኪና የተፈታ ስለሆነ ልክክ ይላል።»

«በአሮጌ መኪና ከሚደክሙ ለምን አይሸጧትም?»

«ልጆቼም ይሄንኑ ይላሉ። ባለቤቴ በሕይወት ሳለች፣ ሩዙ ሲያሸት አመሻሽ ላይ በዚህችው መኪና በሜዳው መሐል ይዣት እሄድ ነበር። መስኮቱን ዝቅ አድርጋ መዓዛውን ትስባለች።»

«አሁን ብቻዎን ነው የሚሄዱት?»

«ብቻዬን ነው። በእሷ በኩል ያለውን መስኮት ግን ዝቅ አደርገዋለሁ።»

መውረጃዬ ሲደርስ «ወራጅ አለ» ሳልል አለፍኩት።