በአውራ ጣት የተለካ ብርድ ልብስ

እታፈራሁ፣ እንደምን አረፈድሽ? ነይ እዚህ ጥላው ሥር ተቀመጪ። ያ ጉንፋን ለቀቀሽ? ድንቹስ በቀለ?… እሰይ። መቀሱ ያውልሽ፤ እየተጫወትን እንተርትረው።

አዎ፣ የልጄ የዓመለወርቅ ብርድ ልብስ ነው። ስተረትረው ሦስተኛዬ ነው። ቅዳሜ ትዳራለች፤ ገሱባ ድረስ ይዛው ልትሄድ ነበር… ዛሬ ደግሞ ረቡዕ ነው። ግን እኛን ምን አስጨነቀን? «የሦስት ቀን ሥራ ነው» ያለችን ሰው እያለች?

ስም አልጠራም። እንዲህ ያለች አዋቂ ስሟ በየደጃፉ አይጠራም። ከሚስዮን ቤት ንድፉን ይዛልን ስትመጣ አላየሻትም? ባለ ስምንት ጫፍ ኮከብ፣ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የሚገጣጠም። ፈረንጇ አሠራሩን ላሳይሽ ብትላት «ገብቶኛል» ብላት መጣች አሉ። ሳይነግሯት የሚገባት ሰው ስንት አለ? እኔማ አሳይተውኝም ቶሎ አይገባኝ።

ቁራጩ ሁሉ ሦስት ኢንች ይሁን አለችን። ኢንች ምንድን ነው ብንላት፣ የአውራ ጣት ስፋት ነው አለች። ሃያ ሴቶች በየጣታችን ለክተን ቆረጥን። በማን ጣት ብላ የጠየቀች አለች?… እኔም አልጠየቅሁም። የሠርግ ቀሚሴን ነው የቆረጥኩት፣ እታፈራሁ። ሃያ ዓመት ሣጥን ውስጥ ያኖርኩትን፣ ልጄ ሰው አገር ስትሄድ የእናቷን ቀሚስ ለብሳ ትተኛ ብዬ።

ሲገጣጠም ኮከቡ መሐሉ ላይ አብጦ ቁጭ አለ፤ ከሥሩ ድመት የተኛች ይመስላል። ሁላችን ከብበን ስናየው እሷ ምን አለች? «የአንዳንዶቻችሁ ጣት ወፍራም ነው።» እውነቷን እኮ ነው። ዕድሜዬን እንሰት ስፍቅ የኖርኩ ሴት ጣቴ ከየት ይቅጠን? የእሷን ግን ልብ ብለሽ አይተሽዋል? እንዴት ያምራል… ሥራ የሚባል ነገር አልጎዳውም።

ምነው ትጠቅሺኛለሽ? አጥሩ ስስ መሆኑ ጠፍቶኝ ነው? ትስማ እንጂ፣ ክፉ ቃል ወጣኝ? እሁድ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ፣ «ኮከቡን ያመጣሁት እኔ፣ ያበላሹት እነሱ» ስትል ቆሜ ሰምቻታለሁ። ትሕትናዋ አይገርምሽም? ከሥራው ሁሉ ትልቁን ድርሻ ለእኛ ሰጠችን።

አሁን አንድ ካርቶን ቆርጬ፣ ሁሉንም በእሱ ልክ አስተካክላለሁ። ኮከቡም ይቅር፣ ዝም ብሎ አራት ማዕዘን ይሁን። ከቀሚሴ ግን የሚተርፈው እፍኝ አይሞላም።

ግድ የለም… እኔ የምመኝላት ደግ ደጉን ነው። ሴት ልጅ አለቻት አይደል? አምላክ ያሳድግላት፣ ለወግ ለማዕረግ ያብቃላት። እሷም የሠርግ ቀሚሷን ከሣጥን አውጥታ ልጇን ትዳር። ያን ቀን ደግሞ የምታግዛት፣ ልክ እንደ እሷ ያለች ጎረቤት አያሳጣት።