አባባ «ኖር» ሲሉ
እዚሁ ቀራንዮ፣ የጎረቤታችን ለቅሶ ላይ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠናል። አባባ ደረታቸውን ያዝ ሲያደርጉ ያ የልብ ሕመማቸው እንደተነሳ ገባኝ። ከኪሳቸው ትንሿን ክኒን አውጥተው ምላሳቸው ሥር አደረጉ። ፋርማሲስቷ ለሁለታችንም ነግራናለች፤ «ግፊት ስለምታወርድ ቁጭ ብለው ይውሰዱ፣ እስኪሻልዎት ድረስ እንዳይነሱ» ብላ።

ወዲያው የዕድራችን ዳኛ ጋሽ ታዬ ከዘራቸውን ይዘው ገቡ። ድንኳን ሙሉ ሰው ብድግ አለ። አባባ ብቻቸውን ተቀምጠው ሊቀሩ ነው እንዴ? «ኖር!» ብለው ተነሱ። ጋሽ ታዬ «በእግዜር፣ ኧረ ተቀመጡ!» ብለው ሳይጨርሱ፣ አባባ ተዝለፍልፈው ወደቁ፤ ጭንቅላታቸው ከድንኳኑ ጎን ካለው የአጥር ግንብ ጠርዝ ጋር ተጋጨ። በሦስተኛው ቀን አረፉ።

ጋሽ ታዬ እስከ ዛሬ «ለእኔ ብሎ ነው የተነሳው» እያሉ ያለቅሳሉ። የሰው ቤት ሲገቡም ገና ከበር ላይ «እንዳትነሱ! እንዳትነሱ!» ይላሉ። እኔ ምን ብዬ ላጽናናቸው? አባባን ክንዳቸውን ይዤ ማስቀመጥ የነበረብኝ እኔ፣ ከእሳቸው ቀድሜ ቆሜ ነበር።