የታደሰ ሳክስፎንና የሙሽራዋ መግቢያ

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ የሙዚቃውን ወረቀት የሚጽፍልን ሰው ራሱ ነፊ ነበር። አንዱ ሁለት መሣሪያ የሚነፋ ከሆነ፣ ክላርኔቱን ከአፉ የሚያወርድበት ቦታ ላይ «ሳክስፎን ያዝ» ብሎ ይጽፍለታል። ታዲያ ሰውየው በዕረፍቱ፣ ሌሎቹ ሲነፉ፣ ይቀይራል፣ ማንገቻውን አንገቱ ላይ ያጠልቃል፣ ተራው ሲደርስ ዝግጁ ነው። ይሄ ጥበብ ነው እንዴ? እጅ ዕቃ ለመቀየር ጊዜ ይፈልጋል፣ በቃ!

ታዲያ ባለፈው ጥር ታደሰ፣ ዕድሜ ልኬን አብሬው የነፋሁት ጓደኛዬ፣ ቦሳ ኪቶ ሰፈር ልጁን ዳረ። ምኞቱ አንድ ነበር፤ በአዳራሹ በር ስትገባ በሳክስፎን ሊቀበላት። ከሕፃንነቷ ጀምሮ «በሳክስፎኔ ነው የማስገባሽ» ይላት ነበር።

እና ወረቀቱን የሚጽፍ አንድ ጎረምሳ መጣ፣ ላፕቶፑን ታቅፎ። «መቼ እንለማመድ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ጋሼ፣ ምን ልምምድ ያስፈልገዋል? ሁሉም ክሊር ነው!» አለኝ። ወረቀቱን ያደለንም ሙሽሮቹ በር ላይ ሲደርሱ ነው። ያምራል፣ ወላሂ፣ ማማሩንስ ያምራል!

እኔ ትራምፔቴን ይዤ ከታደሰ አጠገብ ነኝ። ክላርኔቱን ነፍቶ ጨረሰ፣ ረጅም ዕረፍት መጣ፣ እና ክላርኔቱን ታቅፎ ቁጭ ብሎ ምቱን ይቆጥራል! ምን ያድርግ፣ የነገረው የለም። ገጹን ቢገልጥ የመጀመሪያዋ ኖታ አናት ላይ «ሳክስፎን» ይላል። እዚያው አናቷ ላይ! ሰው ገደል ከገባ በኋላ «ተጠንቀቅ» እንደማለት እኮ ነው። ታደሰ ወደ ኋላው ዞሮ ሳክስፎኑን ሲያነሣ ማንገቻው ከወንበሩ ጋር ተጠላለፈ፣ እና ልጅቷ በከበሮ ብቻ ገባች። አባቷን አየችው። ተመልሳ በሳክስፎኑ ልትገባ ወደ በሩ ዞር ስትል የሙሽራው አያት «ሂን ታኡ! አይሆንም! ሙሽራ ደጃፍ ረግጣ ወደ ኋላ አትመለስም!» ብለው ጮኹ። ታዲያ ምን ታድርግ፣ አለፈች። ታደሰ ሳክስፎኑን እንደያዘ አለቀሰ።

ጎረምሳውን ብቆጣው «ተጽፏል እኮ ጋሼ፣ ይኸው!» ይለኛል፣ በጣቱ እያሳየ። «ሂድና ለእሱ ንገረው!» አልኩት። እውነትም ሄደ፣ የታደሰን ትከሻ መታ መታ አደረገና፣ «አይዞዎት ጋሼ፣ ለሚቀጥለው አስተካክለዋለሁ» አይለውም!

ለሚቀጥለው! እናንተ ትስቃላችሁ፤ ማሎ፣ እባካችሁ፣ ልጅቷ ስንት ባል ልታገባ ነው?