ግንቡ መሃል የሚገባው

ዓዲ ሓቂ ሰፈር በተከራየሁት ፎቅ ላይ፣ ጠዋት ጠዋት ወደ ማስተማር ከመሄዴ በፊት አንድ ገጽ ልቦለድ እጽፋለሁ። ችግሩ፣ መልሼ ሳነበው ያስጠላኛል፤ ቀድጄ እጨማድድና በመስኮት እወረውረዋለሁ። አንድ ቀን ታች የግቢውን አጥር በሚገነቡት በሽማግሌው በአቦይ ሃፍቶም ትከሻ ላይ ዐረፈላችሁ! ይቅርታ ልጠይቅ ሮጬ ወረድኩ።

“መምህር፣ በየቀኑ የምትጥለው ምንድን ነው?”

“የማይረባ ጽሑፍ ነው አቦይ። እርስዎስ ሲጠርቡ የተሰበረብዎትን ድንጋይ የት ይጥላሉ?”

“ድንጋይ ይጣላል እንዴ?” ብለው ሣቁና ጅምሩን ግንብ አሳዩኝ። በሁለቱም ጎን የተጠረበው ድንጋይ አምሮ ተደርድሯል፤ መሃሉን የሞላው ግን ስብርባሪ ነው። “ይሄ ከሌለ ያ ቆንጆው አይቆምም።”

የተጨማደደውን ወረቀት አንስቼ ደብተሬ ውስጥ መለስኩት። በማግስቱ በመስኮት ብቅ ስል ቀና አሉ።

“ዛሬ አልጻፍክም እንዴ?”

“ጽፌያለሁ አቦይ፤ መሃል ገብቷል።”