የታመመው ቅጠል

የምሠራው ድንጋይ ላይ ታትመው የቀሩ የጥንት ዕፅዋት የሚጠኑበት ክፍል ውስጥ ነው። አንዱን ድንጋይ በጥጥ ጠቅልዬ ኮልፌ ወደተከራየሁበት ቤት ይዤው ገባሁ። በማግስቱ ስመለስ አከራዬ እትዬ መሠረት ከጸሎት እህቶቻቸው ጋር ድንጋዩን ከበው፣ ዘይት እያፈሰሱ፣ «በኢየሱስ ስም ውጣ!» ይላሉ። ክፍሌን ሲያጸዱ አግኝተውት ድግምት መስሏቸው ነው። የመሥሪያ ቤት ንብረት በዘይት ሲርስ ሳይ ዘልዬ መሃላቸው ገባሁ።

«ኧረ እትዬ፣ ቅጠል ነው!»

«ቅጠል ድንጋይ ላይ ምን ይሠራል?»

«ጭቃ ቀብሮት ነው። ዘሩ ምድር ላይ አበባ የሚባል ነገር ሳይኖር የነበረ ነው።»

«ይሄ ጥቁር ነጠብጣብስ?»

«ፈንገስ ነው። ያኔም ቅጠል ይታመም ነበር።»

ታሟል ሲባሉ ፊታቸው በራ። «እንግዲያው ለፈውሱ እንጸልያለን!» ብለው እጃቸውን ጫኑበት።

«እትዬ፣ ከሞተ እኮ ሚሊዮን ዓመታት አልፈውታል።»

እጃቸውን እሳት እንደነካው ሰው ሰበሰቡ። «ታዲያ ቀድመህ አትናገርም? እኛ ለሙት አንጸልይም!»

ይሄኔ በአጥር በኩል ሲያዳምጡን የቆዩት ኦርቶዶክሷ ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ብቅ አሉ።

«ለሙትማ እኛ አለን» አሉ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። «የክርስትና ስሙ ማን ነው?»